«መንገድ ነክቶታል»፦ መዋቅራዊ ፕላን ምንድን ነው?

ጎረቤቴ እማማ አጥራቸውን አፍርሰው ወደ መንገድ የሚያይ አንድ ክፍል ሱቅ ሊሠሩ አሰቡ። ቆርቆሮው ተገዝቷል። አናጢውም ቀብድ ወስዷል። የቀረው ፈቃድ ብቻ ነበር። ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። ባለሙያው ወጣት ነው። ካርታውን ገልጦ አየ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር አጎላ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «እማማ፣ ይዞታዎን መንገድ ነክቶታል» አለ።

«የቱ መንገድ ልጄ? እኔ በር ላይ ያለችው እንኳን መኪና ፍየልም ተራ ጠብቃ የምታልፍባት ናት።»

«እሱ አይደለም፤ ገና ያልተሠራው ነው።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ያልተሠራ መንገድ የተሠራ ቤት እንዴት ይነካል? ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ካርታ ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይጠይቀዋል። መልሱ ያለው መዋቅራዊ ፕላን በሚባለው ነገር ውስጥ ነው።

መዋቅራዊ ፕላን አብዛኞቻችን እስከ ዛሬ «ማስተር ፕላን» እያልን የምንጠራው ነው። ከተማዋ አሁን ያላትን አያሳይም፤ ወደፊት ምን እንድትሆን እንደታሰበ ያሳያል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የከተማ ፕላኖችን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው። ከተማዋ ወዴት እንደምትሰፋ፣ የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት በየት እንደሚያልፉ ይወስናል። ዘመኑ 10 ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ይባላል። ይኼኛው የአንድን ሠፈር ዝርዝር ይይዛል፦ የሕንፃ ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከመንገድ ጠርዝ የሚራቅበት ልክ። የላይኛው ጉዳዩን በጥቅሉ ይናገራል፣ የታችኛው እስከ አጥርዎ ጥግ ይወርዳል።

ሌላው ዓለም ይህን መሬት የመከፋፈል ሥራ «ዞኒንግ» ይለዋል። እኛ ዘንድ ቃሉ ያምታታል። «ዞን» ሲባል የጎንደር ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ማዕከላዊ ጎንደር ዞን ነው፣ መሥሪያ ቤቱና አስተዳዳሪው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «የመሬት አጠቃቀም» ይላሉ። ሕዝቡ ደግሞ በአጭሩ «ፕላን» ይላል። «ፕላን አይፈቅድም»፣ «ፕላን ነካው»፣ «ከፕላን ውጪ ነው»። ፕላን ሰው ይመስል፣ ይነካል፣ ይከለክላል፣ ይፈቅዳል።

ወረቀቱን በቅርብ ላየው ሰው ልጅ በከለር የተጫወተበት ይመስላል። ቢጫው መኖሪያ ነው። ቀዩ ንግድ። ሐምራዊው ማምረቻ፣ አረንጓዴው ደግሞ መናፈሻ፣ ደንና የወንዝ ዳር። በመሐሉ መንገዶቹ እንደ ደም ሥር ተዘርግተዋል። ባለሙያዎች ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ቀመር አለች፦ 30፣ 30፣ 40። ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይዋል የምትል ናት። ሜዳ ላይ አዲስ ለሚመሠረት ከተማ ግሩም ነች። ጎንደርን የመሰለ ሽቅብ ቁልቁል የበዛበት፣ ቤቱ ከቤት ጋር ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፈበት አሮጌ ከተማ ላይ ስትመጣ ግን ያ 30 በመቶ መንገድ ከሰማይ አይወርድም። ከሰው ጓሮ ነው የሚመጣው። የእማማ አጥር የተነካውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማን የት ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ከተማዋ በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ብዙ ሳትቆይ፣ በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሠፈር ሆኖ የቆየው ከዚያ ወዲህ ነው። ክርስቲያኑ ደግሞ በየደብሩ ዙሪያ ተሰበሰበ። እስከ ዛሬ ብዙ ሠፈር የሚጠራው በታቦቱ ስም ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ፋሺስት ጣሊያን መጣና ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ አርክቴክት ለከተማዋ ፕላን ነደፈላት። እሱም የራሱን ሰው ሠፈር ከሐበሻው ሠፈር ለይቶ ነው የሣለው። ፒያሳ ላይ የምናያቸው ክብ ክብ ጠርዝ ያላቸው ሕንፃዎች፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ የዚያ ዘመን ናቸው። ኦቶፓርኮ የሚለው የሠፈር ስምም ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ማለት ነው። የመሬት አጠቃቀም የሠፈር ስም ሆኖ ቀረ። ከዛሬው ፕላን የሚለያቸው እነዚያ ማንንም ጠይቀው አለመሣላቸው ነው።

የዛሬው እንዴት ነው የሚጸድቀው? ባለሙያ ያጠናል፣ ካርታውን ያነሳል፣ ረቂቅ ያዘጋጃል። ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት፤ አዋጁ ይህን ግዴታ አድርጎታል። ከዚያ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ምክር ቤት ስል ካቢኔውን ማለቴ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ካቢኔ ማለት ከንቲባውና የየዘርፉ ኃላፊዎች ናቸው፣ ሥራ አስፈጻሚው ክፍል። ምክር ቤቱ ከየአካባቢው የተመረጡ ሰዎች የሚቀመጡበት፣ በአፈ ጉባኤ የሚመራ ጉባኤ ነው። ከንቲባውን የሚሾመውም እሱ ነው። በነገራችን ላይ ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ጎንደር ላይ ዕድሜ ጠገብ ነው። ዛሬ የምናውቀው ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር የከተማዋ ሹም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

ምክር ቤቱ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሰበሰበው። አባላቱ አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ የዕለት እንጀራቸው ሌላ ነው። በመሐል ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ፣ ሪፖርት የሚሰሙ፣ ወጥተው ሥራ የሚያዩ። ፕላኑ ተነቦ፣ ተጠይቆ፣ እጅ ይወጣል። እጅ ከወጣ በኋላ ያ ባለ ቀለም ወረቀት ሕግ ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠው ወጣት የመንገዱን መስመር አንድ ሜትር እንኳ የመግፋት ሥልጣን የለውም። ልለውጥልህ ቢል ነው መፍራት። ፕላን ይሻሻላል፣ ግን በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሄዶ ነው፤ ጥናት፣ ውይይት፣ ማጽደቅ።

ስለዚህ የእማማ ጉዳይ የተወሰነው እኛ በሄድንበት ማክሰኞ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ረቂቁ ለውይይት በቀረበ ጊዜ ነው። ያኔ ስብሰባ ተጠርቷል። እማማ ስብሰባውን ያስታውሱታል። «ስለ ውኃ መሰለኝ» አሉኝ። እውነትም ስለ ውኃ ሳይሆን አይቀርም። እኛ አገር ለፕላን ስብሰባ ሲጠራ ሰው ተነስቶ የሚጠይቀው ውኃ ለምን በፈረቃ እንደሆነ ነው። አይፈረድበትም። ጀሪካን ይዞ የሚያድር ሰው ስለ 10 ዓመት በኋላ መንገድ ምን አገባው? ግን እኮ ሁለቱ ነገር አንድ ናቸው። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላት የጎንደር የውኃ ችግር አንዱ ምክንያት ነው። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ካለው ተፋሰስ ነው። ያ ተዳፋት አረንጓዴ ይሁን፣ ይታረስ፣ ወይስ ቤት ይሠራበት የሚለው ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ ነው።

የፋሲል ግቢ አካባቢ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። መዝገቡ ላይ ግቢው ብቻ አይደለም ያለው፤ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴም አሉበት። በእነዚህ ዙሪያ የሚቆም ሕንፃ የከተማው ምክር ቤት ብቻውን የሚቆርጠው ጉዳይ አይደለም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ የቅርስ ባለሥልጣን አለ። አገሪቱም ቅርሱን ሊነካ የሚችል ትልቅ ግንባታ ከመጀመሯ በፊት ለዩኔስኮ እንድታሳውቅ ይጠበቅባታል። ነጋዴው «ቦታው ወርቅ ነው፣ ለምን ስድስት ፎቅ አልሠራም?» ይላል። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ከከልካዮቹ ጋር ነኝ። ከፎቅ ጀርባ የተደበቀ ግንብ ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቱሪስት የለም። የጥምቀት ዕለት ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርደው ሕዝብም ቦታ ይፈልጋል።

ፕላኑ ላይ መሣል አንድ ነገር ነው፣ መሥራት ሌላ። የእማማ መንገድ ወረቀት ላይ አለ፤ በጀት ላይ ግን የለም። የመንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የመብራት ሥራ የሚገባው በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ የሠፈር ጥያቄ መሰማት ያለበት ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ቤቱ ሲገባ የሚጮህ ሰው ለዘንድሮ ሳይሆን ለከርሞ ነው የሚጮኸው። በጀት ሲያዝ ጨረታ ይወጣል፣ ሥራ ተቋራጭ ይገባል። ኮብልስቶን ሲሆን ብዙ ጊዜ ነዋሪውም ያዋጣል። ሠፈሩ ኮሚቴ መርጦ፣ ቤት ለቤት ብር ሰብስቦ፣ መዝገብ ይዞ ይጠብቃል። ፈጥኖ ያዋጣ ሠፈር ቀድሞ ሲሠራለት አይቻለሁ። ደግ አሠራር ነው፣ ድሃ ሠፈር ባይኖር።

ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ነገር አለ። ድንጋዩ ተነጥፎ ሳይከርም ተቆፈረ! ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው። መብራትና ስልክ የፌዴራል ተቋማት ናቸው። የራሳቸው በጀትና የራሳቸው ቀን አላቸው። ፕላኑ አንድ ወረቀት ላይ ቢያሰባስባቸውም ቀናቸውን አያገጣጥምም። ኮብልስቶን ደግነቱ ተነስቶ ተመልሶ ይነጠፋል። የሚያነጥፈው ሰው ከተገኘ።

ወደ እማማ ልመለስ። «ነክቶታል» ማለት «ተወስዷል» ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ደንግጦ ቤቱን በርካሽ ይሸጣል። መሬቱ እስኪፈለግ ድረስ ባለይዞታው ባለይዞታ ነው። ሲፈለግ ደግሞ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ሥርዓት አለው። ተነሺው ቀድሞ መማከር አለበት፣ ካሳው ተሰልቶ በጽሑፍ ይነገረዋል። ቅር ያለው አቤቱታ ሰሚ አካል ጋ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ጋ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ካሳው ግን ለንብረቱ ነው እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመነሻ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ፣ ወይም ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ ካሳ አያስገኝም። እማማ በሌሊት ሱቁን አቁመው ቢሆን ኖሮ ቆርቆሯቸውንም ድካማቸውንም ያጡ ነበር።

ወጣቱ ባለሙያ እንደ ሌላው ሰው «ሂዱ» ብሎ አልሸኘንም። ለአናጢ ቀብድ ከመክፈል በፊት መጠየቅ የነበረበት የፕላን ስምምነት እንደሆነ ነገረን። ይዞታው ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚገልጽ ነው፣ ከግንባታ ፈቃድ ይቀድማል። ከዚያ በወረቀት ላይ መስመር አሰመረልን። መንገዱ የሚነካው የአጥሩን ፊት ነው። ከኋላ፣ ማጀቱ አጠገብ ያለው ክፍት ቦታ ነፃ ነው። ሠፈሩ የተቀባው ቅይጥ፣ ማለትም መኖሪያም ንግድም፣ በሚባለው ቀለም ስለሆነ ሱቅ አይከለከልም። ችግሩ ሱቁ ሳይሆን የሚቆምበት ቦታ ነበር።

«ከኋላ ማን ያየኛል?» አሉ እማማ።

«በጎን መግቢያ ይክፈቱለት።»

«እሺ ፊቱንስ ምን ላድርገው? ባዶ ልተወው?»

ልጁ ሳቀ። «መንገዱ እስኪመጣ የፈለጉትን ይትከሉበት።»

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ አየሁት። ጌሾ ተክለውበታል። አናጢው ቀብዱን አልመለሰም፤ ከኋላ በኩል መሠረት እየቆፈረ ነው።