ሄድራይት ምንድን ነው? በድሮ አሜሪካ የመሬት ወረቀት ዘመድ ፍለጋ

በ1600ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ የተሰጠ የመሬት ፓተንት ከከፈታችሁ (ፓተንት ስል የፈጠራውን ሳይሆን መንግስት መሬት ሲሰጥ የሚጽፈውን የባለቤትነት ወረቀት ማለቴ ነው) መጀመሪያ የተቀባዩ ስም ይመጣል፣ ከዛ የኤከሩ ብዛት፣ ከዛ ወንዙ በዚህ ዛፉ በዛ የሚል የድንበር ወሬ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ከመሬቱ ጋ ምን እንዳገናኛቸው የማይገባ የሰዎች ስም ተደርድሮ ታገኛላችሁ። አምስት ስም፣ አስራ አንድ ስም፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ። እነዚህ ሰዎች ሄድራይት ይባላሉ፣ የዘር ሐረግ የሚቆፍሩ አሜሪካኖች በጣም የሚወዱትም በጣም የሚሸወዱበትም ነገር ይሄው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያን ያቋቋመው የለንደኑ ኩባንያ መሬት ነበረው፣ ማለቴ የነፓውሃታንን (የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው) መሬት የኔ ነው ብሎ ይዞት ነበር፣ የሚሰራበት ሰው ግን አጣ፣ ትምባሆ ደሞ ጉልበት የሚበላ ነገር ነው። ስለዚ በ1618 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድ ዘዴ አመጣ፣ ወደ ቨርጂኒያ ለሚመጣ ሰው የመርከቡን ሂሳብ የከፈለ ለእያንዳንዱ ነፍስ 50 ኤከር ያገኛል አለ። 50 ኤከር በኛ የድሮ ልኬት ግማሽ ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። የራስህን ከፍለህ ከመጣህ 50፣ ሚስትህን ካመጣህ ሌላ 50፣ አስር የኮንትራት ሰራተኛ ካስመጣህ 500። መሬቱ የሚሰጠው እንግዲህ ለከፋዩ ነው እንጂ ለመጣው ሰው አይደለም፣ በባርነት ተጭኖ የመጣ አፍሪካዊም ተቆጥሮ ለጌታው መሬት ያስገኝ ነበር።

አሰራሩ ደሞ ፍርድ ቤት ይጀምራል። ከፋዩ የስም ዝርዝሩን ይዞ ካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ ነው) ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ እነዚህን ሰዎች አስመጥቻለሁ ይላል፣ ጸሐፊው ሰርተፍኬት ይጽፍለታል፣ ሰርተፍኬቱ ጄምስታውን ወዳለው ወደ ቅኝ ግዛቱ ጸሐፊ ቢሮ ይሄዳል፣ ከዛ ቀያሽ መሬቱን ይለካና ፓተንቱ ይወጣል። ያው ቢሮክራሲ ነው፣ ለኛ ግን ጥሩ ነው ምክንያቱም አንድ ስም በብዙ ወረቀት ላይ አልፎ ነው እዛ የሚደርሰው፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ላይ ሊገኝ ይችላል።

አሁን መሸወጃው። ሰርተፍኬቱ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለእዳ ይከፈላል። ስለዚ ፓተንቱ ላይ ስሙ ያለው ባለመሬትና ከስሩ የተዘረዘሩት ሰዎች በህይወታቸው ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ። ሌላም አለ፣ አንዱን ሰው የመርከቡ ካፒቴን እኔ ነኝ ያመጣሁት ብሎ 50 ይወስድበታል፣ የቀጠረው ገበሬ ደሞ መልሶ በሱ ስም ሌላ 50 ይወስድበታል፣ እንግሊዝ ደርሶ የሚመለስ ነጋዴ በተመለሰ ቁጥር ይቆጠራል። ፓተንቱ የወጣበት ዓመትም ሰውየው የመጣበት ዓመት አይደለም፣ ሰርተፍኬቱ ሳጥን ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ኦንላይን የቤተሰብ ዛፍ ላይ "ቅድመ አያታችን በ1651 ከእገሌ ጋር መጣ" የሚል ነገር ስታዩ ብዙ ጊዜ ምንጩ እንዲህ ያለ ፓተንት ነው፣ ፓተንቱ ግን እንደዛ አላለም፣ በዛ ሰው ስም መሬት ተወሰደ ነው ያለው።

አንቶኒ ጆንሰንን ምሳሌ እናድርገው። አፍሪካዊ ነው፣ ከአንጎላ በኩል እንደመጣ ነው የሚታመነው። የ1625 ቆጠራ ላይ በ1621 ጄምስ በምትባል መርከብ የመጣ "አንቶኒዮ፣ ኔግሮ" የሚል አለ፣ እዛው እርሻ ላይ በ1622 የመጣች ሜሪ የምትባል አፍሪካዊትም አለች። በቃ ይሄው ነው፣ የቤተሰብ ስም የለ፣ ባልና ሚስት ናቸው የሚል የለ። ከዛ ነጻ ወጥቶ ጁላይ 24 1651 ኖርዝሃምፕተን ካውንቲ ውስጥ የ250 ኤከር ፓተንት ላይ ብቅ ይላል። 250 ለ50 ሲካፈል አምስት፣ ከስርም አምስት ስም አለ፣ ቶማስ ቤምሮዝ፣ ፒተር ባግቢ፣ አንቶኒ ክሪፕስ፣ ጆን ጌሶሮሮ፣ ሪቻርድ ጆንሰን።

የመጨረሻውን ስም እዩት። አንቶኒ ሪቻርድ የሚባል ልጅ እንደነበረው ከሌላ ሰነድ ይታወቃል፣ ታዲያ ይሄ ልጁ ነው? ሊሆን ይችላል፣ ግን ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ መአት ነው፣ ልጁ ደሞ እዛው ቨርጂኒያ ከተወለደ የምን የመርከብ ሂሳብ ተከፈለለት? ከዚህ ወረቀት ብቻ ይሄ አይፈታም፣ እዚህ ጋ ተቸኩሎ መስመር ማስመር ነው ስንቱን ዛፍ ያበላሸው።

ቤተሰቡ የሚወጣው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው። እርሻቸው ላይ እሳት ተነስቶ ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸውና ግብር ይቅለልን ብለው አመለከቱ፣ በፌብሩዋሪ 1653 ፍርድ ቤቱ ሚስቱ ሜሪና ሁለት ሴት ልጆቹ ከራስ ግብር ነጻ ይሁኑ አለ፣ ባልና ሚስቱ ከ30 ዓመት በላይ በአገሩ መኖራቸውም አብሮ ተጻፈ። 1622 ላይ ከገባችው ሜሪ ጋ ቁጭ ብሎ ይገጥማል! ቤተሰብ ላስመዝግብ ያለ ሰው የለም፣ የግብር ጉዳይ ነው፣ ግን ሚስትም ልጆችም በአንድ ወረቀት ተገኙ።

ከዛ የጆን ካሶር ክስ አለ። ካሶር አንቶኒ ጋ የሚሰራ አፍሪካዊ ነው፣ እኔ የኮንትራት ሰራተኛ ነኝ ጊዜዬ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል አለ፣ አንቶኒ ደሞ የእድሜ ልክ ባሪያዬ ነው አለ፣ ሮበርት ፓርከር የሚባል ነጭ ባለርስት ካሶርን ወሰደው፣ ተካሰሱና በማርች 1655 ለአንቶኒ ተፈረደ፣ ካሶርም ተመልሶ ባሪያ ሆነ። ይሄን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ለየክርክሩ ይመዘዋል፣ እኔ የምፈልገው የምስክሩን ቃል ነው። አንቶኒን ካሶርን ልቀቀው እያሉ የወተወቱት ሚስቱ፣ ሁለት ወንድ ልጆቹና አማቹ እንደነበሩ ምስክር ተናገረ። አማች ካለ ያገባች ልጅ አለች ማለት ነው፣ የጋብቻ ወረቀት በሌለበት ይሄ ወርቅ ነው። (በዛ ዘመን እንግሊዝኛ ቃሉ ለእንጀራ ልጅም ስለሚያገለግል እርሳስ እንጂ እስክርቢቶ አትጠቀሙ።) ሁለቱ ወንድ ልጆች ደሞ ወደ መሬቱ ፋይል ስንመለስ አሉ፣ ጆን በ1652 በ11 ሰው ሂሳብ 550 ኤከር፣ ሪቻርድ በ1654 በሁለት ሰው 100 ኤከር፣ ሁሉም ከአባታቸው አጠገብ። በዛ ዘመን ድንበርተኛ ማለት ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፣ ስለዚ ያ አሰልቺ የድንበር ወሬ መዘለል የለበትም።

ቤተሰቡ በ1660ዎቹ ወደ ሜሪላንድ ሄደ፣ አንቶኒ በ1670 ሲሞት ቨርጂኒያ ያለ የዳኞች ጉባኤ ሰውየው ኔግሮ ስለሆነ ባዕድ ነው ብሎ መሬቱ ለመንግስት እንዲሆን ወሰነ። እዩት እንግዲህ፣ በፓተንት የሰጡትን በቆዳ ቀለም ነጠቁ። ግን ይሄ ውሳኔ ራሱ አንቶኒ መሞቱን የሚነግረን ወረቀት ሆነ። የልጅ ልጁ ጆን በ1677 ሜሪላንድ 44 ኤከር ገዝቶ "አንጎላ" ብሎ ሰየመው። ያኔ ሜሪላንድ ውስጥ እያንዳንዱ መሬት ስም ይወጣለት ነበር፣ ባለቤቱ ቢቀያየርም ስሙ ይቀጥላል፣ የሰው ስም ሲጠፋባችሁ የመሬቱን ስም ተከተሉ።

በኛ ርስት ሰው መሬት ለማግኘት ነበር አያት ቅድመ አያቱን የሚቆጥረው፣ እዚህ ተገልብጦ ቅድመ አያት ለማግኘት መሬት ይቆጠራል።

ሴቶቹን ለማግኘት ከሄድራይት ይልቅ የሽያጭ ውል ይሻላል። በዛ ዘመን ባል ሲሞት ሚስት ከመሬቱ ሲሶውን በህይወቷ የመጠቀም መብት ነበራት፣ ስለዚ እሱ በህይወት እያለ ሲሸጥ ፍርድ ቤቱ እሷን ለብቻዋ፣ ባሏ በሌለበት፣ ተስማምተሽ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃታል፣ መልሷም ከነስሟ ይጻፋል። የአባቷ ቤት ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም።

የቨርጂኒያ ፓተንቶች ምስላቸው ሪችመንድ ባለው የቨርጂኒያ ላይብረሪ ሳይት በነጻ ይታያል፣ የኖርዝሃምፕተን የፍርድ ቤት መዝገብ ደሞ ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ ኢስትቪል አለ። ሁሉም ካውንቲ እንደዚህ እድለኛ አይደለም፣ አንዳንዱ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ይተርፋል ብሎ ወደ ሪችመንድ የላከው መዝገብ በ1865 እዛው ተቃጠለ፣ እዛ ላይ ፓተንቱ ብቻ ሊሆን ይችላል ያላችሁ። ከ1699 ወዲህ ደሞ 50 ኤከር በ5 ሽልንግ መግዛት ስለተቻለ የስም ዝርዝሩ እየሳሳ ይሄዳል። እና ቀኑን ተጠንቀቁ፣ እስከ 1752 እንግሊዞች አዲስ ዓመት የሚገቡት ማርች 25 ስለነበር ያ የእሳቱ የፌብሩዋሪ 1653 ውሳኔ መዝገቡ ላይ 1652 ተብሎ ነው የምታገኙት፣ ካላወቃችሁ ልጅ ከወላጆቹ ሰርግ በፊት ተወልዶ ቁጭ ይላል።