ፊናስተራይድ ምንድን ነው? ለፀጉር ክኒንስ የሐኪም ማዘዣ ለምን?

ፊናስተራይድ መጀመሪያ የተፈቀደው ለሽንት ችግር ነው። ዕድሜያቸው ሲገፋ ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ በታች ያለው እጢ) አብጦ ሽንት እምቢ ለሚላቸው ወንዶች። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ፕሮስካር ተባለ፤ መጠኑ 5 ሚሊግራም ነበር። በ1997 ያው መድኃኒት በ1 ሚሊግራም፣ ፕሮፔሺያ የሚል ስም ይዞ ለወንዶች መመለጥ ተፈቀደ። አምራቹም ያው መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። የሽንትን ክኒን ከአናት ምን አገናኘው?

ያገናኛቸው ዲ ኤች ቲ የሚባል ሆርሞን ነው። የወንዱን ሆርሞን ቴስቶስትሮንን አንድ ኢንዛይም ያገኘውና ወደ ዲ ኤች ቲ ይለውጠዋል። ልጁ ከወላጁ የበረታ ነው። ፕሮስቴትን የሚያሳድገው እሱ ነው። በዘር ለመመለጥ በተዘጋጀ አናት ላይ ደግሞ የፀጉርን ሥር ያከሳል። ፀጉሩ ረግፎ በበቀለ ቁጥር ከበፊቱ ይቀጥናል፣ ያጥራል፤ በመጨረሻ ዓይን የማያየው ለስላሳ ነገር ይሆናል። የማጅራትና የጆሮ ዙሪያ ፀጉር ግን ለዲ ኤች ቲ ደንታ የለውም። ራሰ በራ ሰው ዙሪያውን የማያጣው ለዚህ ነው።

ይህ የታወቀበት መንገድ ራሱ ተረት ይመስላል። ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች እንደማይመለጡ ከጥንት ጀምሮ ይወራ ነበር። በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነገሩን በጥናት አየው። እነዚህ ሰዎች ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው፣ ቤተሰባቸው ውስጥ መላጣ ያለባቸው መመለጥ ጀመሩ። በ1974 ደግሞ ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊ የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ስላገኘቻቸው ልጆች ጻፈች። ሲወለዱ ሴት መስለው፣ እንደ ሴት አድገው፣ ጉርምስና ሲደርስ ወንድነታቸው የሚገለጥ ልጆች ናቸው። ያ ኢንዛይም በዘር ጎድሏቸዋል። ካደጉ በኋላ ፕሮስቴታቸው ትንሽ ነው፤ የግንባራቸው ፀጉርም አይሸሽም። መድኃኒት ሠሪዎቹ ያዩት ይህንን ነው፦ ኢንዛይሙን ማገድ ከተቻለ ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ።

ፊናስተራይድ የሚሠራው ያንኑ ነው። በቀን 1 ሚሊግራም ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው ዲ ኤች ቲ በ70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ውጤቱ ግን ብዙዎች እንደሚመኙት አይደለም። ትልቁ ሥራው ያለውን ማቆየት ነው። ሁለት ዓመት በቆየው ጥናት የፀጉራቸው ቁጥር የቀነሰባቸው ከወሳጆቹ 17 በመቶ ነበሩ፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 72 በመቶ። የተወሰነ ፀጉር የሚመለስላቸውም አሉ፤ በተለይ መሀል አናት ላይ። እንደ መዳፍ ለስልሶ ለቆየ ግንባር ግን ብዙ ተስፋ አይሰጥም። ለውጥ ለማየት ቢያንስ ሦስት ወር፣ በደንብ ለመፍረድ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ሲቆም የተገኘው ሁሉ በዓመት ውስጥ ይሄዳል። የቤት ኪራይ በሉት። የምትኖሩበት እስከከፈላችሁ ድረስ ነው።

እንግዲህ ማዘዣው። "ለፀጉር ብዬ ሐኪም ቤት ልሰለፍ?" የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን የምትውጡት ክኒን ሻምፑ አይደለም፤ ከአናት በታች ያለውንም ሆርሞን ይነካል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያጣራው መላጣው ራሱ የዚህ ዓይነት መሆኑን ነው። ላሽ ከሆነ፣ ቆረቆር ከሆነ፣ ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ በአንዴ የረገፈ ከሆነ ፊናስተራይድ አይረባም። የታይሮይድ ችግርም ፀጉር ያረግፋል። ወራት ሙሉ ክኒን ሲውጥ ከርሞ ቆረቆር ሆኖ መገኘት፣ መቼም ያሳፍራል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማይዘጋጅበት ጥያቄ ይመጣል፦ ድብርት አለብህ? ነበረብህ? ጥያቄው ያለምክንያት አይደለም። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ የፊናስተራይድ ክኒን የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አረጋግጧል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ስሜታቸው የከበደባቸው ሰዎች ለፀጉር የሚወስዱትን ወዲያው አቁመው ሐኪም እንዲያናግሩ ይመከራል። ሌላው የሚፈራው የወሲብ ነገር ነው፦ የፍላጎት መቀነስ፣ ስንፈተ ወሲብ፣ የዘር ፈሳሽ ማነስ። በጥናቶቹ የመጀመሪያ ዓመት እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው 3.8 በመቶ ነበሩ፤ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.1 በመቶ። አብዛኛው ሲቆም ይተዋል። ካቆሙም በኋላ አልለቀቀንም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህም ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካው የመድኃኒት መግለጫ ላይ ሰፍሯል። እኔ በበኩሌ ይህን ሁለቱን ሳይጠይቅ የሚያዝ ሐኪም አያምረኝም። በድረ ገጽ ሦስት ሳጥን አስሞልቶ የሚልክማ ይባስ።

የፕሮስቴት ምርመራም አለ። በደም የሚለካው ፒ ኤስ ኤ (ሲበዛ የፕሮስቴት ካንሰርን የሚያስጠረጥር ንጥረ ነገር) ፊናስተራይድ በሚወስድ ሰው ላይ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለሐኪሙ ካልነገራችሁ ቁጥሩ ደህና መስሎ ካንሰርን ሊደብቅ ይችላል። ዕድሜያችሁ ሃምሳን ካለፈ ይህችን አትርሱ።

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። መድኃኒቱ የወንድ ፅንስን የመራቢያ አካል ሊያበላሽ ስለሚችል የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒን መንካት የለባትም። ያልተሰበረው ሽፋን ስላለው አያሰጋም። ርካሽ ነው ብሎ የፕሮስቴቱን 5 ሚሊግራም በምላጭ ለአራት መክፈል የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሐኪሞችም የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ። ፍርፋሪው ግን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ደም መስጠትም ክኒኑ ከቆመ አንድ ወር እስኪሞላው ይቆያል፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊደርስ ይችላላ።

ሚኖክሲዲልን ከዚህ ጋር አታምታቱ። እሱ በአብዛኛው የሚቀባ ነው፤ የሚቀባውም በብዙ አገር ያለማዘዣ ይሸጣል፤ ሆርሞንም አይነካም። ሁለቱን አብሮ መጠቀም የተለመደ ነው። ዱታስተራይድ የፊናስተራይድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ክንዱ ይበረታል፤ ከሰውነት ለመውጣትም ወራት ይፈጃል። ለፀጉር በይፋ የፈቀዱት እንደ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ያሉ ጥቂት አገሮች ናቸው።

ለመጀመር የወሰነ ሰው የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጡ በፊት አናቱን ፎቶ ያንሳ። በየሦስት ወሩም እዚያው ቦታ፣ እዚያው መብራት ሥር ይድገመው። በየቀኑ መስታወት የሚያይ ዓይን ለውጥ አይለይም፤ ሐኪሙም በዓመቱ "ይቀጥል ወይስ ይቁም?" ሲል የሚያየው እሱን ነው።