የዳስ በዓል፦ ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ ለምን?

አይሁድ ቲሽሪ በተባለው ወራቸው ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ለ7 ቀናት የሚያከብሩት የዳስ በዓል፣ ሱኮት፣ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ አንደኛው ምርት ተሰብስቦ ወደ ጎተራ የሚገባበት ደስታ ሲሆን፣ ሌላው እስራኤላውያን ከግብፅ ከወጡ በኋላ በምድረ በዳ በዳስ መቀመጣቸው የሚታሰብበት ነው።

በበዓሉ ዳስ ሠርተው ይቀመጡበታል፤ ይበልጥ ግራ የሚያጋባው የዚህ ዳስ ጣሪያ ሕግ ነው። ግድግዳው ከእንጨትም ከሸራም ሊሠራ ይችላል፤ ጣሪያው ግን ከመሬት በቅሎ በተቆረጠ ነገር፣ ለምሳሌ በዘንባባ ዝንጣፊ ወይም በሸምበቆ፣ መሸፈን አለበት። ስለዚህ ቆርቆሮ አይሆንም፤ በቆመ ዛፍ ጥላ ሥር የተሠራ ዳስም አይቆጠርም። በቀን ጥላው ከፀሐዩ መብለጥ ሲኖርበት፣ ሌሊት ደግሞ ከዋክብት እንዲታዩ ሳሳ ብሎ ቢለብስ ይመረጣል። ዝናብ ቢገባስ? የአይሁድ ጥንታዊ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና ለዚህ የሰጠው መለኪያ ከማዕድ የተወሰደ ነው፤ የቀረበው ገንፎ እስኪበላሽ ድረስ ከዘነበ ወደ ቤት መግባት ይፈቀዳል።

ከዳሱ ሌላ ትርንጎ፣ ያልተዘረጋ የዘንባባ ለጋ፣ የባርሰነትና የአኻያ ቅርንጫፍ በአንድነት ይዞ መወዝወዝ የበዓሉ ሥርዓት ነው፤ በሰንበት (ቅዳሜ) ግን አይያዙም። በወሩ 22ኛው ቀን የሚውለው ሸሚኒ አጸረት የዳስ በዓል ስምንተኛ ቀን ቢመስልም፣ ራሱን የቻለ በዓል ነው።