«ካልተጋፉ አይታለፍም» ለምትሉኝ

ሹፌር ማሰልጠን ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ፍሪሲዮንና ነዳጅ ማመጣጠን ማስተማር አላደከመኝም። ያደከመኝ አንድ አባባል ነው። ሰልጣኙ መሪ በያዘ በሁለተኛው ሳምንት ከአጎቱ ወይ ከሰፈሩ ልጅ ሰምቶት ይመጣል። «ቲቸር፣ አዲስ አበባ ላይ እኮ ካልተጋፉ አይታለፍም።» ሁሌም በዚያችው ፈገግታ፣ እኔ የማላውቀውን ሚስጥር የነገረኝ ይመስል።

እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፋቸው።

«የሚያበሳጨን የታክሲ ሹፌር ነው።» ያበሳጫል፣ አልክድም። ፍሬቻ ሳያሳይ መሀል መንገድ ላይ ሰው ያወርዳል። ግን እሱ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ሂሳብ አለበት። አንተ ብቻህን ቪትዝ ይዘህ ማኪያቶ ልትጠጣ የምትሄደውን ምን አስቸኮለህ?

«ጫት ያረጋጋኛል።» ጫት አነቃቂ ነው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ብስጭት ደግሞ አብሮህ የተሳፈረ ሰው ይመስክር።

«መብራት ካበራልኝ እለፍ ማለቱ ነው።» አንዱ «እለፍ» ለማለት ያበራል፣ ሌላው «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ» ለማለት። ሁለቱም በደንብ የተግባቡ መስሏቸው ይጋጫሉ፣ ከዚያ ይሰዳደባሉ። መብራቱን ተዉትና ጎማውን እዩ። ጎማው እየዘገየ ካልሆነ አትግቡ።

«ክላክስ ስነፋ ይወጣልኛል።» አይወጣልህም። ንዴትን በጩኸት ማውጣት ንዴቱን እንደማያበርደው የሥነ ልቦና ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እኔም ቀይ መብራት ላይ አሥረኛ ሆኖ ቆሞ፣ ክላክሱ ላይ ተኝቶ የተረጋጋ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው። ሂሳብ እንሥራ። በሚንቀሳቀስ ሰልፍ ውስጥ አንድ መኪና ከፊትህ ብታስገባ የሚወስድብህ 2 ወይም 3 ሴኮንድ ነው። ጠዋት ከሰሚት ሜክሲኮ እስክትደርስ 10 መኪና ብታስገባ ግማሽ ደቂቃ። በቃ! ሬዲዮ ጣቢያ ስትቀያይር የምታጠፋት። ፍጥነቱም ያው ነው። 5 ኪሎ ሜትር በ40 ብትነዳ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፣ በ50 ብትነዳ 6 ደቂቃ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየዘለልክ፣ ሰው እያስደነገጥክ ያተረፍካትን ደቂቃ ተኩል ቀጣዩ መብራት ይበላታል። ከሰልጣኝ ጋር በ30 ስንንፏቀቅ በቀኝ ጥሶን ያለፈ መኪና ካለ ታርጋውን ያዝ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት መብራት ሳንርቅ ከጎኑ ደርሰን እንቆማለን። «እሱ ነው?» ስል «ራሱ ነው» ብለው ይስቃሉ።

ጊዜያችንን የሚበላው ማስገባት ሳይሆን መከልከል ነው። መብራት የጠፋበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። ሁሉም አፍንጫውን ይሰካል፣ ፓራውልት ከፓራውልት ይገጥማል፣ ከኋላ ያለው ክላክስ ይነፋል፣ ወደ ኋላ ልበል የሚል ግን አንድ ሰው ይጠፋል። አንድ ቀን መገናኛ አካባቢ እንዲህ ተቆላልፈን የፈታን አንድ ሎተሪ አዟሪ ልጅ ነበር። በሎተሪው ጥቅል «አንተ ና! አንቺ ቁሚ!» እያለ። ያ ሁሉ ግትር ሹፌር ቃል ሳይተነፍስ ታዘዘው። ልጁ መኪና የለውማ! ለእሱ መንገድ መልቀቅ መሸነፍ አይመስልም።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የምንጣላው ለመንገዱ አይደለም፣ «ናቀኝ» ብለን ነው። ከፊቴ የገባው ሰው አያውቀኝም፣ ስፖኪዮውን እንኳ አላየ ይሆናል፣ እኔ ግን አባቴን የሰደበብኝ ያህል ይሰማኛል። ይሄን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሰልጣኝ ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ማሰልጠኛው ሜዳ ስነዳ፣ ሳሪስ አካባቢ ቁልቁለት ላይ አንድ ፒክአፕ ቆርጦኝ ገብቶ ቀጥ አለ። ዘልዬ ወረድኩ። እሱም ወረደ። የተባባልነውን አልጽፈውም። ከጀርባዬ «ቲቸር! ቲቸር!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል፣ ማን ሊዞር። ስዞር «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመችው መኪናዬ ቀስ ብላ ወደ እኛ እየወረደች ነው። የእጅ ፍሬን ሳልይዝ ነው ለካ የወረድኩት። ልጅቷ በሁለት እጇ ሳበችው፣ ከፒክአፑ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሰውዬው ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። «ለማጁ ማነው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ቢወርድ አልወርድም። መስኮቴን እዘጋለሁ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እጄን አነሳለሁ፣ ብዙ ስድብ በእጅ ማንሳት ብቻ አፍ ውስጥ ይቀራል። ከኋላ ተጠግቶ የሚያስጨንቃችሁ ካለም ፍሬን ረግጣችሁ «ላስተምረው» አትበሉ፣ ፍሬቻ አሳይታችሁ ቀኙን ያዙና ይለፍ። ተከትሏችሁ የሚመጣ ካለ ደግሞ ቤታችሁን አታሳዩት፣ ትራፊክ ፖሊስ ወዳለበት ሂዱ።

«ሴት ሹፌር ናት የምታናድደን» የሚለውን ዛሬ አልነካውም። የእጅ ፍሬኑን ማን እንደሳበው ነግሬያችኋለሁ።