የአሜሪካ ቤት ሠሪዎች ማኅበርና ኮርኒስዎ ላይ ያለችው ክብ ነገር

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ቤት የገዛ ሰው ይህን ማኅበር በስሙ ላያውቀው ይችላል፣ እጁ ግን ቤቱ ውስጥ አለ። ናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሆም ቢልደርስ ይባላል። ዋና ቢሮው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ወደ 140 ሺህ አባላት አሉት። አብዛኞቹ ግን ራሳቸው ቤት ሠሪ አይደሉም፤ ዕቃ አቅራቢ፣ አበዳሪ፣ ሰብ ኮንትራክተር ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የተቋቋመው በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ነው። መንግሥት ለጦር ፋብሪካ ሠራተኞች ቤቱን እኔው ልሥራ ሲል፣ እነዚህ ደግሞ ሥራው ለእኛ ይተውልን ብለው ተሰባሰቡ። ከጦርነቱ በኋላ ቀናቸው፤ በ1950 ብቻ ወደ 1.9 ሚሊዮን ቤት ተጀመረ። ከእነዚያ አዳዲስ ሰፈሮች ብዙዎቹ ለጥቁር ዝግ ነበሩ።

በ1981 የቤት ብድር ወለድ ከ18 በመቶ አለፈ። ቤት ሠሪው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ያኔ ቱ ባይ ፎር የሚባለውን የቤት መሥሪያ ጣውላ እየቆረጡ ለማዕከላዊ ባንኩ (ፌዴራል ሪዘርቭ) ሊቀ መንበር ለፖል ቮልከር በፖስታ ላኩለት። ወለድ ይቀነስ ነው ነገሩ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ደስ ይለኛል።

ዋናው ትግል ግን ኮድ ላይ፣ ማለትም ቤት እንዴት መሠራት እንዳለበት በሚደነግገው ደንብ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኮዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2000 ሲሆን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የሚያዘጋጀው የኮድ ምክር ቤት መንግሥታዊ አይደለም፤ ክልሎች ወስደው፣ የፈለጉትን ቀንሰውና ጨምረው ሕግ ያደርጉታል። በ2008 ሚኒያፖሊስ ላይ የእሳት አደጋ ሰዎች በብዛት መጥተው ድምፅ ሰጡና፣ ማንኛውም አዲስ ቤት ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ይኑረው የሚለው ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ። ማኅበሩ እዚያ ተሸነፈ። አልተኛም፤ በየክልሉ ሄዶ አስቀረው። ግዴታውን በክልል ደረጃ የተቀበሉት ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ናቸው።

ልዩነቱን የእኛ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ ቤት ገብተው ቀና ቢሉ ኮርኒሱ ላይ ስፕሪንክለሩን የምትሸፍን ነጭ ክብ ክዳን አለች። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ቢገዙ ላያገኟት ይችላሉ። ክዳኗን ቀለም አይቀቧት፣ በእሳት ጊዜ ላትወድቅ ትችላለች። ስፕሪንክለሮቹ ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃ አይረጩም፤ ሙቀቱ የደረሰበት ብቻ ነው የሚከፈተው። እዚያው ሜሪላንድ ያለው የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ግዴታ ስላደረገው ከክልሉ ቀድሟል።

የማኅበሩ ክርክር ዋጋ ነው። በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ከአንድ አዲስ ቤት ዋጋ ውስጥ 93,870 ዶላሩ ከደንብና ከግንባታ ፈቃድ (ፐርሚት) ጋር የመጣ ነው ብሏል። ቁጥሩ የራሱ ነው፤ ተቺዎች ከዚያ ውስጥ ለነዋሪው የሚጠቅመው አልተቀነሰም ይላሉ። ፐርሚት ሊያወጣ ወራት የጠበቀ ኮንትራክተር ግን አይከራከርበትም። በ2019 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ ማኅበሩ ከኮድ ምክር ቤቱ ጋር በነበረው ያልተነገረ ስምምነት ቁልፍ ኮሚቴዎች ላይ ከ11 ወንበር 4ቱን ይዞ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ይህ ውሳኔውን በማኅበሩ እጅ አያስገባውም ብለዋል። ስምምነቱ ግን ቀድሞ መነገር ነበረበት።

ሥልጠናው የሚሰጠው ሆም ቢልደርስ ኢንስቲትዩት በሚባለው ክንፉ ነው። ወጣቶችንና ከሠራዊት የወጡትን አናጺነት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ ያስተምራል። ጎበዝ ሥራ ነው፣ የእጅ እጥረቱን ግን አልሞላም። ኮንስትራክሽን ላይ ካለው ሠራተኛ ሩብ ያህሉ ስደተኛ ስለሆነ ማኅበሩ ለግንባታ ሠራተኞች የሥራ ቪዛ ይከፈት እያለ ይወተውታል። አገር ቤት በብሎኬትና በፌሮ የለመደ ግንበኛ እዚህ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ እንጨት ሆኖበት መጀመሪያ ግር ይለዋል፣ ከዚያ ሜትሩን ትቶ ኢንች መቁጠር ይለምዳል።