0.7 በመቶ ምንድን ነው? «የት ገባ?» ለሚሉ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ ተነሳና «እንግሊዝ ከበጀቷ 0.7 በመቶውን ለድሃ አገሮች ስትልክ ኖራለች፤ የእኛ ድርሻ የት ገባ?» አለ። ሰውም አጨበጨበለት። ሥራዬ የእርዳታ ሂሳብ ማገላበጥ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከበጀት አይደለም። መላክም አይደለም። «የእኛ ድርሻ» የሚባል ነገርም የለም።

የቁጥሩን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የቀድሞው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን የመሩት ኮሚሽን ሐሳቡን አቀረበ። በ1970 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀበለው። ሀብታም አገሮች ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ ያውሉ ተባለ። ድህነትን ለመቀነስ በተቀመጡት የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥም አለ፣ ግብ 17 ላይ። አሜሪካ ተቀብላው አታውቅም።

ብሔራዊ ገቢ ማለት አገሬው በሙሉ በዓመት ያገኘው ተደምሮ ነው። የመንግሥት በጀት ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ነው። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት የሚያወጣው ከአገሪቱ ገቢ ከ40 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ ከገቢ 0.7 ማለት ከበጀቱ ወደ 1.6 በመቶ ግድም ይሆናል። ተንታኙ እንግሊዞቹን ከግማሽ በታች አሳንሷቸዋል። ይሄንስ ይቅር ልለው እችላለሁ።

ይቅር የማልለው «ስትልክ» የሚለውን ነው። 0.7 የሰጪውን ወጪ ይለካል። ተቀባዩ ጋ ስለደረሰው ነገር ምንም አይናገርም።

አንድ ሰው ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለ እንበል። «ከገቢዬ ይህን ያህል» ብሎ። ሂሳቡን የሚይዘው ራሱ ነው። ጥላ ገዛ፣ ተቆጠረ። የአውቶቡስ ቲኬቱንም ቆጠረ። ድሬዳዋ ያደረበትን አልጋም ጨመረ። ከቁልቢ መንደር የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ቤቱ ቢያርፍ፣ የእንግዳውንም ቀለብ ከስለቱ ላይ አነሳው። ዓመቱ ሲያልቅ «ስለቴን አድርሻለሁ» ይላል። አልዋሸም፣ ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቷል። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ቁጥር ነው።

የእንግዳው ቀለብ ከምንም ተነስቼ ያመጣሁት አይደለም። አንድ ጥገኝነት ጠያቂ ሀብታም አገር ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ወጪው የልማት እርዳታ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ደንቡን የሚያወጣው ፓሪስ ያለው፣ በአብዛኛው የሀብታም አገሮች ማኅበር የሆነው የኦኢሲዲ የልማት እርዳታ ኮሚቴ ነው። አባላቱ ሰጪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ2022 እንግሊዝ 12.8 ቢሊዮን ፓውንድ እርዳታ መዘገበች። ከዚህ ውስጥ 3.7 ቢሊዮኑ የወጣው እዚያው እንግሊዝ ውስጥ፣ ለስደተኞች ነው። ከመቶ 29 እጁ መሆኑ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጠቅላላ እርዳታው ጣሪያ ተበጅቶለታል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ስደተኞችን በሆቴል ያሳድራል፣ ሂሳቡም ከዚያው ጣሪያ ሥር ይገባል። ሆቴሉ በጨመረ ቁጥር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከባሕር ማዶ ፕሮጀክቶቹ መቀነስ አለበት። በ2022 አጋማሽ ነገሩ ከመጠን ሲያልፍ አስቸኳይ ያልሆነ የእርዳታ ክፍያ ለወራት ቆሞ ነበር። ስደተኛ አይረዳ እያልኩ አይደለም። የእኛም ልጆች እዚያ ሆቴሎች ውስጥ አሉ። ግን ለሆቴሉ የወጣውን ገንዘብ «አፍሪካ በላችው» ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

«ግዴታቸው እኮ ነው፣ ሕግ አላቸው» የሚልም አለ። አዎ፣ አላቸው። በ2013 ግቡን ሞሉ፣ በ2015 ሕግ አደረጉት። ሕጉን ከፍታችሁ ብታነቡት ግን መንግሥት ግቡን ካልሞላ ሚኒስትሩ ምክንያቱን ለፓርላማ ይገልጻል ነው የሚለው። ፍርድ ቤት ማንንም አያስገድድም። ስለት የበላን ሰው ማን ይከሰዋል? በ2020 መጨረሻ ወደ 0.5 እናወርደዋለን አሉ። በሐምሌ 2021 ፓርላማው በ333 ለ298 ድምፅ የመንግሥትን መንገድ ደገፈ። በየካቲት 2025 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር በ2027 ወደ 0.3 ይወርዳል፣ ገንዘቡም ለመከላከያ ይውላል ብለው አስታወቁ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊስ ዶድስ ሥራቸውን ለቀቁ። ሕጉ ግን ያኔም አልተሻረም።

ከመቶኛው ጀርባ ያለውን ገንዘብም ማየት ነው። በ2019 0.7 ማለት 15.2 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። በ2020 በኮቪድ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ያው 0.7 ወደ 14.5 ቢሊዮን ወረደ። ቃላቸውን ጠብቀውም ገንዘቡ ቀነሰ። በ2021 0.5 ሲሆን 11.4 ቢሊዮን ላይ ደረሰ። ባልጠየቃችሁኝ ልጨምር፦ ብሔራዊ ገቢ ራሱ እየቆየ ይከለሳል፣ የዓምናው መቶኛም አብሮት ይነቃነቃል። ግቡ የሚለካው ከጥር እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የእንግሊዝ በጀት ግን ከሚያዝያ እስከ መጋቢት ነው። ስለዚህ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሩጫ አለ። የእኛን መሥሪያ ቤቶች የሰኔ ወር ግዢ ያየ ሰው ይገባዋል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ብድር የሚቆጠረው ሙሉው ሳይሆን ስጦታ የሚሆነው ክፍሉ ብቻ ነው። እህታችሁ ከለንደን ለእናታችሁ የምትልከው አይቆጠርም።

አሁን ወደ «ድርሻችን»። 0.7 ለየትኛው አገር ስንት እንደሚደርስ አይልም። በጣም ላላደጉ አገሮች በጅምላ ከ0.15 እስከ 0.20 በመቶ ይሁን የሚል ግብ አለ፣ ኢትዮጵያም ከነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ከነሱ ውስጥ ለየትኛው አገር ስንት ይድረስ የሚለው ግን የሰጪው መንግሥት ውሳኔ ነው። ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ብዙ ከሚቀበሉት ተርታ ነበረች። ያም ሆኖ ገንዘቡ አንድ ካዝና ውስጥ አልገባም። ከ2005 ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጎማውን አቁመው በሌላ መንገድ አዙረውታል። ሴፍቲኔት ውስጥ ከሌሎች ለጋሾች ጋር የገባ አለ።

«የኛ»ን ታስታውሳላችሁ አይደል? የሴቶቹን ባንድና የሬዲዮ ድራማ። እዚያም የእንግሊዝ ገንዘብ ነበረበት። የአገራቸው ጋዜጦች «የግብር ከፋይ ገንዘብ ለዘፋኝ!» በሚል መንፈስ ጮኹ። በጥር 2017 ድጋፉ ተቋረጠ። የዚያ ዓመት 0.7 ንቅንቅ አላለም። ብሩ ሌላ ቦታ ወጣ፣ ግቡ ተሞላ። የተንታኙ ቁጥር ይህን ሊያሳየው አይችልም።

«የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን በፕሮጀክት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ዴቭትራከር የሚባል ድረ ገጽ አለው። የአገር ስም ስትመርጡ ፕሮጀክቶቹ ከነበጀታቸው ይዘረዘራሉ፣ ማን እንደሚያስፈጽማቸውም ይታያል። ፈጻሚው ብዙ ጊዜ የዓለም ባንክ፣ የተመድ ድርጅት ወይም አማካሪ ኩባንያ ነው። ተንታኙ አንዱን ፕሮጀክት በስሙ ጠርቶ «ይሄ የት ገባ?» ቢል እኔም አብሬው እጠይቃለሁ።