የሻጭ ጥቆማ በክፍያ፦ የጎንደር የቤት ደላሎች የኦንላይን መረጃን የሚመዝኑበት መንገድ

የሻጭ ጥቆማ ማለት ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ስም፣ ስልክና የቤቱ አካባቢ ነው። ደላላው ወይ በፌስቡክና በቴሌግራም ራሱ ከፍሎ ባስነገረው ማስታወቂያ ያገኘዋል፣ ወይ መረጃ ሰብስቦ ከሚሸጥ ሰው ይገዛዋል። ንግዱ አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ነው፤ እንደ ዚሎ ባሉ የኦንላይን የቤት ማስታወቂያ ድርጅቶች በኩል ወኪሎች አስቀድመው ይከፍላሉ፣ ወይም ሽያጩ ሲያልቅ ከኮሚሽናቸው ያካፍላሉ። ለጎንደር ደላላ የሚሻለው ሁለተኛው ውል ነው፤ ጥቆማው ባዶ ሲወጣ መረጃውን ያቀረበው ጠቋሚም አብሮ ይከስራል። አስቀድሞ በየወሩ የሚከፈል የደንበኝነት ክፍያ ደግሞ ኔትወርኩ ባይኖርም ይቆጥራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል።

ብዙ ደላላ የሚሳሳተው በሒሳቡ ላይ ነው። አንድ ጥቆማ 200 ብር ነው እንበል፤ 40 ሲገዛ 8,000 ብር ወጣ። 25ቱ ስልክ አነሱ፣ 10ሩ እውነተኛ ባለቤት ሆኑ፣ 4ቱ ካርታቸውን ለማሳየት ፈቀዱ፣ አንዱ ሸጠ። የጥቆማው እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ 8,000 ብር ነው፤ የባጃጁና የስልኩ ወጪ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ከኮሚሽኑ ጋር የሚነጻጸረው ይህ ድምር ነው። ጥቂት ገዝቶ መፍረድም አይቻልም። ከ40 አንድ የሚሸጥበት ደህና ምንጭ እንኳ 10 ብቻ ሲገዛበት ከ4 ጊዜ 3ቱን ያህል ምንም ሽያጭ ሳያስገኝ ያልፋል። ቤት ለመሸጥም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ምንጩን ቶሎ ለመለየት የሚያገለግለው የሽያጩ ቁጥር ሳይሆን ከተደወለላቸው ስንቱ ባለቤት ሆነው እንደተገኙና ስንቱ ካርታ እንዳሳዩ ነው።

ከመክፈል በፊት ሻጩ ራሱ ቅጽ ሞልቶ እንደሆነ፣ መቼ እንደሞላና መረጃው ለስንት ደላላ እንደተሰጠ ይጠየቃል። ስልክ ቁጥሩ በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ሲፈለግ ከተገኘ ጥቆማው ከአደባባይ የተለቀመ ነው፤ ገንዘብ አይገባውም። «ቤትዎ ስንት ያወጣል?» በሚል ማስታወቂያ የመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ዋጋ ለማወቅ የጓጉ ናቸው፤ ይህ ክፋት የለውም፣ ግን እንደ ቁርጥ ሻጭ ሊከፈልባቸው አይገባም።

ትልቁ ወንፊት ሰነዱ ነው። በፒያሳና በአራዳ አካባቢ የሚደውል ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሊሆን ይችላል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሰን ቤት የሚኖርበት ሰው የመሸጥ መብት የለውም። በከተማው ዳርቻ የጨረቃ ቤት ያጋጥማል፤ ካርታ የለውም፣ ስም አይዛወርም። ባዶ ቦታ እሸጣለሁ የሚል ጥቆማ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ም ግንባታው ከመጋመሱ በፊት ለሚደረግ ዝውውር የተለየ ሥርዓት አበጅቷል። ካርታው ከተገኘ በኋላ ደግሞ ቤቱ በባንክ ብድር መያዙና የፍርድ ቤት እግድ ያለበት መሆኑ ይጣራል።

በመጀመሪያው ስልክ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ መጠየቅ ያለበት «ካርታው በማን ስም ነው?» ነው። በባልና ሚስት የጋራ ሀብት ላይ የአንዳቸው ፈቃድ ብቻ አይበቃም። የሟች እናት ወይም አባት ስም ከተጠራ የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ወንድምና እህት ካልተስማሙ ያ ጥቆማ ለዓመታት ሊንጠለጠል ይችላል። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መኖሩ ይታያል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። አጠቃላይ ውክልና ይዞ ገዢ ማምጣት ሻጩን፣ ገዢውንና ደላላውን ሦስቱንም ይጎዳል። ለጥምቀት የሚመጡ የውጭ ነዋሪዎችን ጥቆማ ግን ታኅሣሥ ላይ ማጣራት ይጠቅማል፤ ባለቤቱ ራሱ ጎንደር ሲገኝ ፊርማውም እዚሁ ያልቃል።

ከጠቋሚው ጋር ያለው ውል በጽሑፍ ይሁን። የማይሠራ ስልክ፣ ባለቤት ያልሆነ ሰው ወይም ቀድሞ የተሸጠ ቤት ሲገኝ ጥቆማው በሌላ እንዲተካ፣ ለማጣራትም ቢያንስ 15 ቀን እንዲሰጥ ይጻፍበት፤ ባለቤቱን አግኝቶ ካርታውን ለማየት ሳምንት አይበቃም።